የእትዬ ጠጄ መቀስ

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጽሕፈት መኪና መምታት ማንም ሳያስተምረኝ ተምሬ፣ በደብረ ታቦር ከኔ የፈጠነች ጸሐፊ የለችም እያልሁ በልቤ የምኩራራበት ዕድሜ ነው። የዚያኑ ያህል ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ወደ ጓዳ እሮጥ ነበር። የደርግን ዘመን በከተማችን ያላሳለፈ ሰው እነዚህ ሁለቱ በአንዲት ልጅ ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚያድሩ አይገባው ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እትዬ ጠጄ ዕድሜ ጠግበው ማረፋቸውን በስልክ ነገሩኝ። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያየሁት ጥፍሬን ነው። አድጎ ነበር። ቁጭ ብዬ አሥሩንም ቆረጥሁና ከዚያ በኋላ አለቀስሁ። ልጆቼ "ምን ነካት?" ተባባሉ። ለነሱ ያልነገርኋቸውን ነው አሁን የምጽፈው።

እትዬ ጠጄ አጭር፣ ደንደን ያሉ፣ ኮቴያቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ለብዙ ዓመት በሆስፒታል በድሬሰርነት ቁስል እያጠቡና እያሰሩ ሠርተው፣ ባላቸው ሲሞቱ ሥራውን ትተው፣ በግቢያቸው ያለችውን ረጅም የጭቃ ቤት ለድሃ እናቶች ልጆች ከፈቱ። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። እናቶቹ እንጨት ተሸካሚ፣ ውኃ ቀጂ፣ ልብስ አጣቢ፣ የቀን ሠራተኛ ናቸው፤ ጧት ልጃቸውን ትተው ይሄዳሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዳሉ። ልጆቹ እዚያ ይበላሉ፣ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲጠና አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት ተጋርተው ይተኛሉ። አርባ ነበሩ። ከተማው "የልጆች ቤት" ይለው ነበር።

ስንዴው፣ የዱቄት ወተቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የቤቱ ጸሐፊ ሆኜ እኔ የምመታበት ጽሕፈት መኪና ሳይቀር የሚመጣው ከውጭ አገር ካለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አብረዋቸው የሠሩ አንድ ፈረንጅ ሐኪም አገራቸው ሲገቡ ስለ እትዬ ጠጄ ተናግረው ያስገኙት እርዳታ ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል። አዲስ አበባ ያለው ቢሯቸው ይጽፋል፣ እኛ እንመልሳለን። ከዚያ እርዳታ በፊት በነበረው ክረምት ከልጆቹ ሁለቱ ተቀብረዋል። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ይረጥባል፣ የቀን ሥራ ይቆማል፣ እናቶቹ ባዶ እጃቸውን ቤት ይገባሉ። የሁለቱን ልጆች ስም እትዬ ጠጄ አንድም ቀን ሲያነሱ አልሰማሁም። ግንቦት በገባ ቁጥር ግን የስንዴውን ጆንያ በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ ይዞራሉ።

"መጀመሪያ እጅ" የምትባል ነገር ነበረቻቸው። ደጃቸውን የረገጠ ሁሉ ይታጠባል። አንድ ጊዜ ከአውራጃው ለቁጥጥር የመጣ ሹም ገና ከመግባቱ "መዝገብ አምጡ" ብሎ ቆጣ ሲል ማንቆርቆሪያውን ይዘው ቀረቡት።

"መጀመሪያ እጅ፣ ጌታዬ። እዚህ ቤት ልጅ አለ።"

ሰውየው የካፖርቱን እጅጌ ሰብስቦ ታጠበ። ልጆቹ ከበው ያዩት ነበርና አንዷ "አውራ ጣቱን አላሸም" ብላ ከሰሰችው። ሹሙ መልሶ ታጠበ።

በሽርጣቸው ኪስ ደግሞ በፋሻ ቁራጭ የታሰረች ትንሽ የድሬሰር መቀስ ነበረች። አንዳንድ ቀን ድንገት አንዱን ልጅ ጠርተው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጥፍሩን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ሌላውን፤ ከዚያ ሌላውን። ትናንት የተቆረጠውን እንኳ ዳር ዳሩን ይለቅሙታል። ነገሩን ያስተዋልሁት ከወራት በኋላ ነው። ከበራችን መኪና ሲቆም፣ ጎረቤት ሰው ተወሰደ ሲባል፣ የአብዮት ጥበቃዎች ኮቴ በመንገድ ሲያልፍ መቀሷ ትወጣለች። አንድ ቀን ደፍሬ፣

"እትዬ፣ ፈርተው ነው?" አልኋቸው።

"ታዲያስ" አሉ ቀና ሳይሉ። "እጄ ሲንቀጠቀጥ ልጆቹ ያያሉ። መቀስ ስይዝ ግን አይንቀጠቀጥም። የልጅ ጣት ይዤ እንዴት አድርጎ።"

በዚያ ዓመት የልጆቹ ጥፍር አድጎ አያውቅም።

እናቴ ከዚያ ቤት እንድወጣ ትለምነኝ ነበር። ጥጥ ፈትላ ነው ያሳደገችኝ። ወንድሟን ከኪሱ አንድ ወረቀት ተገኘ ብለው ከወሰዱት ወዲህ ቤታችን ውስጥ የተጻፈ ነገር አይገኝም፤ የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እንኳ ታቃጥላለች። በእትዬ ጠጄ ደጅ ማለፍ ግድ ከሆነባት መንገዱን ተሻግራ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነው። "ከፈረንጅ ጋር የሚጻጻፍ ቤት ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ? ሌላ ሥራ ጠፋ?" ትለኛለች። እውነት ነው፣ ሌላ ሥራ ጠፍቶ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ከድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። እርዳታው እንዲታደስ የእያንዳንዱ ልጅ ታሪክ ይጻፍ ይላል፤ የማን ልጅ እንደሆነና ቤተሰቡ ለችግር የተዳረገበት ምክንያት። "ድሃ ናቸው" ተብሎ በጅምላ የሚላክ እንደማይቀበሉ፣ መልሱ እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልደረሰም የክረምቱ ስንዴ እንደማይመጣ ጨምረው ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። በነሱ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው አይገድልም። እኛ ዘንድ ሊገድል እንደሚችል ማን ይንገራቸው?

ከአርባዎቹ ልጆች የአሥራ አንዱ አባት ወይም እናት የተወሰዱ፣ የታሰሩ ወይም የጠፉ ናቸው። ከሁሉ የሚያስፈራው የብርቄ ነበር። ብርቄ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ባሌ ለአጨዳ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ ብላ ለቀበሌው አስመዝግባለች፤ ጥቁር ለብሳ ለቅሶ ተቀምጣለች። ሰውየው ግን በሕይወት ነበር፣ ሊይዙት ሲፈልጉት ሸሽቶ ነው። ይህን የሚያውቁት እናቷና እትዬ ጠጄ ብቻ ነበሩ። ቢታወቅ እናቲቱን ምን እንደሚያገኛት ለማንም አይጠፋም።

እትዬ ጠጄ አንድ ሳምንት ሙሉ አሰቡበት።

"እውነቱን እንጽፋለን" አሉኝ በመጨረሻ። "ሳያዩን የሚያበሉን ሰዎች ናቸው። ደግሞም አርባ ልጅ ላይ አንድ ዓይነት ውሸት ብደረድር ያውቁብኛል፤ ስንዴውም ይቀራል። በፖስታ ግን አይሄድም።"

ከጣራ ገዳም ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ አንድ መነኩሴ ነበሩ፤ በአኮፋዳቸው ይዘውት ሊሄዱ ተስማሙ። እትዬ ጠጄ ልጆች እያጠቡ ይነግሩኛል፣ እኔ እመታለሁ። ታይፕ የሚመታ ሰው ፊደል ነው የሚያየው። ጣቴ ሲሮጥ ልቤ ፍጥነቴ ላይ ነበር። "አባቷ ሸሽቶ" የሚለውን ስመታ እንኳ "ሸ"ን አለመሳሳቴን ነው ያየሁት። ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ደብዳቤ አጻጻፍ የተማርሁት ከመሥሪያ ቤት ከተጣሉ አሮጌ ወረቀቶች ነው። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ መሐል ጉዳዩ፣ ከታች "ከሰላምታ ጋር"፣ ከዚያ በታች ተሰምሮበት "ግልባጭ"። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም በስብሰባ ላይ "ለውጭ ድርጅት የሚጻፍ ሁሉ ግልባጩ ለቀበሌው ይድረስ፤ ያላደረሰ ይጠየቅበታል" ሲል በጆሮዬ ሰምቼ ነበር። እንግዲህ ከልማድም ነው፣ ከፍርሃትም ነው፤ ሦስቱን ገጽ በካርቦን ደርቤ መታሁና ከግርጌው "ግልባጭ፦ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት" ብዬ አሰመርሁበት። መነኩሴው በር ላይ ቆመው እየቸኮሉ ነበርና እትዬ ጠጄ ግርጌውን ሳያዩ ፈረሙ። ዋናው በአኮፋዳ ገባ። ግልባጩን እኔ ቀበሌ ወስጄ ለመዝገብ ቤቱ ለአቶ ሞላ አስረከብሁ። ማኅተም መቱበት፣ ቁጥር ሰጡት፣ ያመጣሁት እኔ መሆኔን አስፈረሙኝ። ሥራ እንደሚያውቅ ሰው ደረቴን ነፍቼ ተመለስሁ።

እትዬ ጠጄ ወተት እየቀዱ ነበር።

"አባ ሄዱ?"

"ሄዱ፣ እትዬ። ግልባጩንም አድርሻለሁ።"

"የምን ግልባጭ?"

"የቀበሌውን።"

ጆጉን አስቀመጡት። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ደረቅ ነበር፣ መልሰው ጠረጉት። ከዚያ "ብርቄ፣ ነይማ እመቤቴ" ብለው ጠሩ። ጭናቸው ላይ አስቀመጧትና መቀሷን አውጥተው ከአውራ ጣቷ ጀመሩ።

የመታሁት ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ነው ሰው ሆኖ ዓይኔ ላይ የመጣው። መሬቱ ላይ ተቀመጥሁ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አሥረኛውን ጥፍር ሲጨርሱ፣

"ሊቀመንበሩ አይቶታል?" አሉ።

"ለእርከን ሥራ ጉና ወጥቷል። ነገ ይመለሳል ብለው አቶ ሞላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውለታል።"

"እንግዲያ ተነሺ። ያው ቁጥር፣ ያው ቀን፣ ሦስት ገጽ። አርባውንም በድህነት ብለሽ ምቺ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ…"

"ቆይተሽ ታለቅሻለሽ። አሁን ወረቀቱ ላይ ጠብ ካለ ያስታውቃል።"

በማግሥቱ ጧት ሁለት ሰዓት ቀበሌው በር ላይ ነበርን። አዲሶቹ ሦስት ገጾች በጋዜጣ ተጠቅልለው ብብቴ ሥር ናቸው። በሩን የሚጠብቀው ጌጡ የሚባል አብዮት ጥበቃ ነበር፤ ጠብመንጃውን በግራው ይዞ፣ ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ አቅፎታል።

"ወዴት ነው፣ እትዬ?"

"አቶ ሞላ ጋ። የተዛባ ገጽ ልንቀይር ነው። እጅህን ምን አገኘው?"

"ምንም።"

"ጥፍረ መጥምጥ ነው። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደህም። ነገ ወደ ክንድህ ይወጣል።"

ጌጡ ጨርቁን አየው። "ይቆረጣል እንዴ?" አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ።

"ዛሬ ከታከመ ይተርፋል። ግባና ተቀመጥ። መጀመሪያ እጅ። አቶ ሞላ፣ ያ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውኃ አለው?"

ከውስጥ ጠረጴዛቸው ጋ የነበሩት አቶ ሞላ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ውኃውን አቀበሉ። እትዬ ጠጄ ወንበሩን "ወደ ብርሃኑ ልይህ" ብለው አዞሩት፤ የጌጡ ጀርባ ለመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ሆነ። እኔ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁና ፈታሁት። አቶ ሞላ እኔን አዩ። እትዬ ጠጄን አዩ። ከዚያ ተነሡና ወደ ሊቀመንበሩ ክፍል ገብተው አንድ ፋይል ይዘው ወጡ።

"አቶ ሞላ፣ ከጓድ ሊቀመንበር ክፍል ምን ያወጣሉ?" አለ ጌጡ፣ አንገቱን ሊያዞር ሲል።

በዚያው ቅጽበት እትዬ ጠጄ መቀሷን ከጥፍሩ ሥር ሰደዷት። ጌጡ "እመ ብርሃን" ብሎ ታጠፈ፤ በዚያ ቢሮ ውስጥ ያ ስም ከተጠራ ዓመታት አልፈውት ነበር። "አትንቀሳቀስብኝ፣ መግሉ እየወጣ ነው" አሉት። እጃቸውን አየሁት። ድንጋይ ነበር።

"ስንት ገጽ ነው?" አሉኝ አቶ ሞላ ዝግ ብለው።

"ሦስት።"

"የኔም መዝገብ ሦስት ነው የሚለው።"

አዲሱ ላይ ማኅተም መቱ፣ ቁጥሩን ጻፉበት፣ ወደ ፋይሉ አስገቡት። አሮጌውን ያመጣሁበት ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልለው ሲሰጡኝ፣

"ልጄ፣ ሁለተኛ ስትመቺ አንብቢ" አሉኝ።

አንብበውት ነበር ማለት ነው። አንብበውት ዝም ብለዋል።

ስንወጣ የሊቀመንበሩ መኪና በር ላይ ቆሞ፣ እሱ የጉናን ጭቃ ከቦት ጫማው ሲያራግፍ አገኘነው። "ምን እግር ጣላችሁ?" አለ። እትዬ ጠጄ "የጥበቃህን ጣት ሳክም" ብለው አለፉ። እኔ ተከተልኋቸው፤ ወረቀቱ ደረቴ ላይ እንደ ፍም ነበር። የልጆች ቤት ደርሰን ከወተቱ ድስት ሥር ልማግደው ስል ግን ቆምሁ። ሦስቱንም ገጽ፣ ከመጀመሪያው ልጅ እስከ አርባኛው፣ አነበብሁት። ከዚያ አቃጠልሁት።

ተረፍን ብለን ነበር። በሦስተኛው ቀን እትዬ ጠጄን ጠሯቸው። የሆነውን አቶ ሞላ ናቸው ያንኑ ቀን የነገሩኝ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ፊታቸው ላይ እያራገበ፣ ከእናቱ የሚበልጡትን ሴት "አንቺ" አላቸው።

"አንቺ፣ አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ በኔ ቀበሌ አርባ ድሃ ልጅ አለ ብለሽ ለኢምፔሪያሊስት ትጽፊያለሽ?"

"አርባ አንድ ናቸው" አሉት። "አንዱ ዛሬ ጧት ነው የመጣው።"

"ማን ነው በታይፕ የጻፈልሽ?"

"እኔው ነኝ።"

ጽሕፈት መኪና ነክተው አያውቁም። ፊርማዬ ያለበት መዝገብ በአቶ ሞላ ክንድ ሥር ነበር፤ አላነሡትም። እትዬ ጠጄን አሰሯቸው። በር ላይ ሲፈትሿቸው መቀሷን ወሰዱባቸው።

ሃያ ሦስት ቀን ቆዩ። የብርቄን እናትም ሆነ ከሌሎቹ እናቶች አንዷን የጠራ አልነበረም። ሰኔ ሲያጋምስ የድርጅቱ ስንዴና ወተት በጭነት መኪና መጣ። መነኩሴው አድርሰው ኖሯል። ሾፌሩ ርክክቡ በወይዘሮ ጠጄ ፊርማ ብቻ ነው የሚል ወረቀት ይዞ ነበርና፣ ያለሳቸው ፊርማ ጭነቱን ይዤ እመለሳለሁ አለ። ቀበሌው ስንዴው ተመልሶ ሲሄድ መታየት አልፈለገም። ፈቷቸው። ከስተው፣ ነጠላቸውን አደግድገው መጡ፤ ልጆቹ ከበው ሲስሟቸው "መጀመሪያ እጅ" አሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ታጠቡ። ብቻችንን ስንሆን፣ መቀስ በሌለበት ሲፈሩ እጃቸው ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

"ምንም" አሉኝ። "ተንቀጠቀጠ።"

በዚያ ክረምት ልጅ አልቀበርንም።

እናቴ ያደረገችውን ሳልናገር አላበቃም። እትዬ ጠጄ የታሰሩ ለት ቤት ገብቼ፣ ነገ እኔን ነው የሚወስዱ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍሁላት። ግልባጩን፣ ብርቄን፣ መቀሷን፣ "እኔው ነኝ" ማለታቸውን። እንዝርቷን አስቀምጣ ሰማችኝ።

በማግሥቱ ጧት ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ከጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ትልቁን የጨርቅ መቀስ ተዋሰች። መንገዱን ሳትሻገር በቀጥታ የልጆች ቤት ገባች፣ እጇን ታጠበች፣ በርጩማ ስባ ደጃፉ ላይ፣ ከመንገድ በሚያዩዋት በኩል ተቀመጠች። መጀመሪያ ብርቄን ጠራች። መቀሱ ለልጅ ጣት ትልቅ ስለነበር ቀስ እያለች ነው የምትቆርጠው፤ ያን ቀን ሃያ ስድስት ልጆች አዳረሰች። የቀሩትን በማግሥቱ ጨረሰች።